አባቴ ያልፈታው ገመድ

"ገመዱን ወርውሪልን! ኧረ ልትገለበጪ ነው!"

ዛሬ ከሰዓት ሀዋሳ ሐይቅ ዳር የነበረ ሰው ሁሉ ይጮህብኝ ነበር። (ሐይቅ ዳር የቆመ ሰው ዋና ባይችልም ማዘዝ ይችላል።)

ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ጀልባ ይዤ ወጥቼ ስመለስ ንፋሱ ተነሳ። የከሰዓቱን ንፋስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ማዕበሉ ጀልባዋን ዳር ወዳለው ድንጋይ ይገፋታል።

"ተዉኝ፣ ራሴ አስራታለሁ!" አልኳቸው።

ዳር ሳልደርስ ድንጋይ የሞላውን ማዳበሪያ ከኋላ በኩል ውሃው ውስጥ ጣልኩት። መልህቃችን እሱ ነው፣ አትሳቁ።

ከዚያ ወደ ዳር ቀዝፌ፣ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ዘልዬ ወርጄ፣ የፊቱን ገመድ ዳር ያለው ዛፍ ላይ አሰርኩ። ተመልሼ ጀልባዋ ላይ ወጣሁና ማዳበሪያው የታሰረበትን የኋላ ገመድ ስቤ አጠበቅኩት። ጀልባዋ ከድንጋዩ ራቅ ብላ ቀጥ አለች። ጩኸቱም አብሮ ቆመ!

አሁን ዋናው ነገር። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነው። እኔ ያሰርኩትን ገመድ ፈትቶ እንደገና ሳያስር ቤት ገብቶ አያውቅም። "ጎበዝ ልጄ" ይለኛል፤ ከዚያ ይፈታዋል።

ዛሬ በራሱ ጀልባ ከኋላዬ ደረሰ። ገመዴን አየት አደረገው፤ ሳብ አድርጎም ሞከረው። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ።

አልፈታውም። የራሱን ጀልባ አምጥቶ ከኔ ጀልባ ጋር አሰራትና "በይ እንሂድ፣ ርቦኛል" አለኝ።

ጎበዝ እንኳን አላለኝም። መንገዱን ሙሉ ስስቅ ቤት ገባሁ።

እናንተስ? ማንም "ጎበዝ" ሳይላችሁ ጎበዝ መሆናችሁን ያወቃችሁት መቼ ነው? እስቲ ጻፉልኝ፤ ዛሬ የሰው ኩራት ማንበብ አምሮኛል።