ሞተር የሚስበው መጋረጃ በቤተ ልሔም

በመጋቢት መጀመሪያ፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተነሣሁ። በእግሮቼ መካከል በያዝሁት የእንጨት ሣጥን ውስጥ ከአንድ የተገለበጠ መኪና የፈታሁት የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነበረ። መንገዴ ወደ ጋይንት አውራጃ፣ ወደ ቤተ ልሔም ነው።

እዚያ በልጅነቴ ድጓ ያስተማሩኝ የኔታ ላቀው አሉ። ከበቅሎ ወድቀው እግራቸውና ቀኝ እጃቸው ከሥራ ውጭ ሆነዋል። የግራ እጃቸው ጣቶች መጽሐፍ ይገልጣሉ እንጂ ገመድ የመሳብ ጉልበት የላቸውም። አልጋቸው ከምሥራቁ መስኮት ትይዩ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ዓይናቸውን ትወጋለች፤ መስኮቱ ሲዘጋ ደግሞ መጽሐፉ አይታይም። «ዝጉልኝ፣ ክፈቱልኝ» ማለት አንገሽግሿቸው ከፋሲካ በኋላ የማስተማሪያ ወንበራቸውን ሊለቁ መወሰናቸውን ከአገር የመጣ ዘመድ ነገረኝ። እኔ የጋራዥ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ያን እንደሰማሁ በጣት ሲነኩት የሚወጣና የሚወርድ መጋረጃ መንደፍ ጀመርሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ከመስኮቱ በላይ የተጋደመ ቧንቧ ያዞራል፤ ጨርቁ በቧንቧው ላይ ይጠቀለላል። ኃይል የሚሰጡት ሃያ አራት ባትሪ ድንጋዮች ናቸው። ከቀንድ በጣት የሚጫኑ ሁለት ቁልፎች ቀረጽሁ፤ ክቡ ያወጣል፣ አራት ማዕዘኑ ያወርዳል፤ ጣት ሲነሣ ሁሉም ይቆማል። የኔታ ሳያዩ በመዳበስ ብቻ እንዲለዩአቸው ብዬ ነው።

ከደብረ ታቦር ወዲያ

የዓባይን በረሃ አቋርጠን ደብረ ማርቆስ አደርን፤ በማግሥቱ ባሕር ዳር። ሰኞ ጨው በጫነ የጭነት መኪና፣ አቧራ ጠግቤ ደብረ ታቦር ገባሁ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የበቅሎ ነው። ታከለ የሚባል ሰው ሁለት በቅሎ አከራየኝና ማክሰኞ በክምር ድንጋይ በኩል ወጣን። የጉና ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ገብሱ ታጭዶ እርሻው ባዶውን ተኝቷል።

ታከለ ሣጥኑን እያየ፣ «ወፍጮ ነው?» አለኝ።

«አይደለም። መጋረጃ የሚስብ ሞተር ነው።»

ሳቀ። «መጋረጃ የሚስብ ሰው ጠፍቶ?»

«ሰው አልጠፋም። የኔታ ሰው ማስቸገር መሯቸው ነው።»

ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ግን ታከለ ሣጥኑን ከበቅሎዋ አውርዶ በራሱ ትከሻ ተሸከመው።

አርብ ገበያ

ዓርብ ቀን፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ አርብ ገበያ ከተማ ደረስን። ጨርቁን እንዲሠሩልኝ መልእክት የላክሁባቸው ሸማኔው አቶ ይማም ጥጥና ባትሪ ድንጋይ የሚሸጡባት ትንሽ ሱቅ አለቻቸው። የዘረጉልኝ ጨርቅ ካዘዝሁት እጥፍ ይከብዳል።

«ስሱ ፀሐይ አይከለክልም፤ ደረብሁት» አሉኝ ኮራ ብለው። ሞተሩ እንዳይከብደው ፈራሁ፤ ነገር ግን የደከሙበትን ማጣጣል አልሆነልኝም። ባትሪ ድንጋዩን ገዝቼ ልሄድ ስል፣ «ሰኞ እመጣለሁ። ጨርቄ በራሱ ሲሄድ ሳላይ አልቀርም» አሉ።

ቤተ ልሔም

የኔታ በድምፄ ለዩኝ። ግንባሬን ሳሙኝ። ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ነውና መሣሪያ እንድነካ አልፈቀዱም። ሰኞ አቶ ይማም በበቅሏቸው ሲደርሱ ሥራ ጀመርሁ፤ ቀትር ላይ ቧንቧው፣ ሞተሩና ሽቦው ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። ተማሪዎቹ ደጁን ሞሉት። ክቡን ተጫንሁ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ጨርቁ አንድ ስንዝር ያህል ወጣ፣ ቆመ። ወዲያው የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ሽቦውን ነቀልሁት።

«ልጄ፣ ተወው» አሉ የኔታ። «ይህን ያህል አገር አቋርጠህ መምጣትህ ይበቃኛል።»

ከሽታው ይልቅ ይህ አንገበገበኝ።

ጊዜው ጾም ስለነበረ ለእኔና ለአቶ ይማም በአንድ ገበታ የባቄላ ንፍሮ ቀረበልን። አቶ ይማም እየበሉ መጋረጃውን ያያሉ።

«ሞተርህ የሚታገለው ከምን ጋር ነው?»

«ከጨርቁ ክብደት ጋር።»

«እኔ ሚዛኔ ላይ አንድ እስር ጥጥ በአንድ ጣት አነሣለሁ። ለምን? በወዲያኛው በኩል ድንጋይ አለ። ለዚህስ ወዲያኛው በኩል የት አለው?»

ንፍሮውን ትቼ ተነሣሁ። በቧንቧው ጫፍ ላይ ከጨርቁ በተቃራኒ አቅጣጫ ገመድ ጠቀለልሁ፤ በገመዱ ጫፍ የፍየል ቆዳ ከረጢት አንጠለጠልን። አቶ ይማም ከረጢቱ ውስጥ አሸዋ በእፍኝ እየጨመሩ፣ በእፍኝ እየቀነሱ፣ ጨርቁ በጣት ሲነካ ወደ ላይም ወደ ታችም እሺ እስኪል ድረስ መዘኑት። ሞተሩን ፈትቼ አየሁት፤ ሞቋል እንጂ አልተቃጠለም።

ማክሰኞ፣ ሁለት ሰዓት

ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የኔታ ፊት ላይ አረፈች። ዓይናቸውን ጨፍነው በግራ እጃቸው ዳበሱ፣ አራት ማዕዘኑን አገኙ፣ ተጫኑ። ሞተሩ በቀስታ አንጎራጎረ። ከረጢቱ ወጣ፣ መጋረጃው ወረደ። ጥላው ቅንድባቸውን አልፎ አገጫቸው ላይ ሲደርስ ጣታቸውን አነሡ። ብርሃኑ የተዘረጋው ድጓ ላይ ብቻ ቀረ።

ዓይናቸውን ገለጡ። መልሰው አወጡት። አወረዱት። ሰባት ጊዜ ያህል! ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ኢያሱ ፀሐይን ያቆመው ጸልዮ ነው፤ እኔ በአውራ ጣቴ!»

ደጁ በእልልታ ተናወጠ። አቶ ይማም ጉልበታቸውን እየመቱ፣ «ጨርቁ የኔ ነው!» ይላሉ። የኔታ ሁሉንም ዝም አሰኙና ከፊታቸው ወደተቀመጠው ተማሪ ዞሩ።

«ቀጥል እንጂ! ፋሲካ ሲያልፍ ይህንኑ ከመነሻው ትደግምልኛለህ።»

ወንበሩን ስለመልቀቅ ማንም ዳግመኛ አላነሣም።

መመለስ

አቶ ይማም ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም እንዴት እንደሚቀየር ተማሩ፤ ይህ የእሳቸው ሥራ መሆኑን በራሳቸው ወሰኑ። እኔ ባዶ ሣጥን ይዤ፣ እያፏጨሁ፣ በመጣሁበት መንገድ ተመለስሁ። አዲስ አበባ በገባሁ ማግሥት ጋራዥ ሄጄ የድሮውን ንድፍ ቀደድሁት። ሳምንታት ሙሉ የሞተሩን ጉልበት ሳሰላ ሸክሙን ማቅለል ይቻል እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም ነበር። አዲሱን ከሚዛኑ ጀምሬ ነደፍሁ፤ ሞተሩን መጨረሻ ላይ አስገባሁት። ከወረቀቱ ግርጌ «የንድፉ ባለቤት» በሚለው መስመር ላይ በጥሩ ቀለም ሁለት ስም ጻፍሁ፤ የአቶ ይማምን አስቀደምሁ።