የግደይ ጀርባ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ የብስክሌቷ ጎማ ተንፍሶባት ሓወልቲ ሰፈር ወዳለ አንድ ጎሚስታ አብሬያት ሄድኩ። እሷ ለእሑድ ውድድር ቸኩላለች፤ እኔ ደግሞ የምቸኩልበት ነገር ካጣሁ ቆይቻለሁና ምርኩዜን ግድግዳው ላይ አስደግፌ በሰጡኝ በርጩማ ተቀመጥኩ። ሰውየው ካላማዳሪውን ከጎማው ውስጥ መዝዞ፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳውን ካገኘው በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ማስቲሽ ሲቀባው፣ ያ አፍንጫ የሚቆነጥጥ፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚል ሽታ መጣብኝ። ትናንት ምን እንደበላሁ የምታስታውሰኝ ይቺው ልጅ ናት፤ ይህን ሽታ ግን ማንም ሊያስታውሰኝ አላስፈለገም። ስልሳ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይዞኝ ሄደ። ባልሄድኩ ደስ ባለኝ፣ ደክሞኛልና።

ያኔ ጣሊያን ተሸንፎ ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ትቶት ከሄደው ነገር ሁሉ የመቀሌ ሰው ሳያንገራግር የወረሰው ብስክሌቱን ነበር። መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ውድድር ይጀመርና ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ አምስት ጊዜ ይካሄዳል። ተወዳዳሪው በሁለት ምድብ ይከፈላል፤ ባለቀጭን ጎማዎቹ የነጋዴና የሹም ልጆች ናቸው፣ ባለወፍራም ጎማዎቹ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ በዚያው ብስክሌት ሠርተን የምንበላ እኛ ነን። የእኛ ቡድን ሦስት ሰው ብቻ ነበረው። አለቃችን ግደይ ሳይወጣ ለቀረ አንድ ጣሊያን ዳቦ ጋጋሪ በብስክሌት ዳቦ የሚያድል፣ ሠላሳ ዓመት የሞላው ረጅም ዝምተኛ ሰው ነው፤ በእሱ ምክንያት ከተማው ሁሉ “ዳቦዎቹ” ይለን ነበር። ሁለተኛው ካሕሳይ የልብስ ሰፊ ልጅ፣ ሲወድቅም የሚስቅ ጎረምሳ ነው። ሦስተኛው እኔ ይማም ነኝ፤ አባቴ ከወሎ መጥቶ ገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጥ፣ ዕድሜዬ አሥራ ሰባት፣ ከእግሬ ይልቅ አፌ የሚፈጥን።

ድህነታችን ከሩቅ ያስታውቅ ነበር። በዚያ ዘመን ካላማዳሪ እንደ ልብ አይገኝምና የካሕሳይ የኋላ ጎማ በአየር ፈንታ ጭድ ተጠቅጥቆበት ነበር የሚሄደው፤ ስለዚህም በገበያ ቀን በአህያ መካከል ማለፍ አይወድም፣ እኛም በዚህ ስናሾፍበት ወቅቱ አለቀ። ማሊያችንን የካሕሳይ አባት ከዱቄት ከረጢት ሰፍተውልን ነበር። ቢታጠብ ቢታጠብ የማይለቅ የስንዴ ዛላ ሥዕል በግደይ ጀርባ ላይ፣ ልክ በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል ቀርቶ ነበርና ያን ዛላ ከእጄ መዳፍ ይልቅ አውቀዋለሁ። የምንሠራበት ዘዴ እንዲህ ነውና፤ ግደይ ከፊት ሆኖ ነፋሱን ይቀበላል፣ እኔ አንድ ክንድ ተጠግቼ ከኋላው እነዳለሁ፣ ዳገቱ ሲያልቅ ጉልበት የተረፈኝ እኔ ወጥቼ እሮጣለሁ። ከኋላው ስሆን የማየው ዛላውን ነው፤ መንገዱን የሚያየው እሱ ነው። ውለታው ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ያን ጀርባ ማየት ሰልችቶኝ ነበር።

ከሦስታችን አንዱ ቀድሞ ከገባ ውድድሩ ለቡድኑ ይቆጠራል፤ ከአምስቱ ብዙውን የወሰደ ቡድን የምድቡ አሸናፊ ይባላል። ለአሸናፊዎቹ የሚሰጠው ሽልማት ገበያው ጥግ ባለው የብስክሌት ጠጋኝ ቤት ነጭ ግድግዳ ላይ ስማቸው በቀይ ቀለም መጻፉ ነው። ይህ ለዛሬ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል። ግደይ ግን ማንበብ ባይችልም ዳቦውን አድሎ ሲመለስ እዚያ ግድግዳ ፊት ቆሞ፣ ሦስት ዓመት ያሸነፉትን የጎረቤት ከተማ የኲሓ ልጆች ስም ሲመለከት ብዙ ቀን አይቼዋለሁ። አንድ ጊዜ የእሱ ስም የቱ ጋ እንደሚያርፍ በጣቱ አሳይቶኛል። በዚያ ዓመት ደግሞ ጣሊያኑ ወቅቱ እንዳለቀ ጓዙን ጠቅልሎ አስመራ ሊገባ ነው፤ ብስክሌቱ የእሱ ነውና አብሮት ይሄዳል። ግደይ ሌላ ብስክሌት የሚያገኝበት መንገድ አልነበረውም። ስሙ ግድግዳው ላይ ከተጻፈ በዚያ ወቅት ነው፣ ካልተጻፈም ቀረ።

አራቱን ውድድር እኩል ተካፍለን፣ እኛ ሁለት ኲሓዎች ሁለት ይዘን አምስተኛው ደረሰ። ካሕሳይና እኔ ግደይ ሳይሰማ ተማክረን ነበር፤ ዛሬ እኛ ከፊት ሆነን ነፋሱን እንቀበላለን፣ እሱ ጉልበቱን ቆጥቦ አንደኛ ይገባል ተባባልን። ከገበያው ተነሥተን የእንዳ ኢየሱስን ዳገት ወጥተን ኲሓ ደርሰን መመለስ ነው። ካሕሳይ በጭድ ጎማው እስከ ዳገቱ ወገብ ጎተተንና እየሳቀ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ እኔ ከፊት ሆንኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ መንገዱን አየሁት፣ ሰፊ ነበር። በመልሱ ጉዞ ጭኔ እሳት ሲሆንብኝ ግደይ አልፎኝ ሄደ፤ አብሮት የነበረው ኣብርሃ የሚባለው የኲሓው ፈጣን ነው። ቁልቁለቱን ሁለቱ ተያይዘው ሲወርዱ እኔ የድንጋይ ውርወራ ያህል ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር፤ ልቤ ግን አልፈራም፣ በመጨረሻዋ ሩጫ ግደይን የሚደርስበት ሰው በከተማው እንደሌለ አውቃለሁና።

ከቁልቁለቱ ግርጌ መንገዱን አቋርጦ ቀብር ይሄድ ነበር። ቃሬዛው በሰዎች ትከሻ ላይ ነው፤ ከፊት ቄሶቹ፣ ከኋላ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ያጣፉ ለቀስተኞች። በእኛ አገር ሬሳ ያጋጠመው መንገደኛ ከበቅሎም ይሁን ከብስክሌት ይወርዳል፣ ራሱን ይገልጣል፣ ጥቂት እርምጃ ሸኝቶ “ነፍስ ይማር” ብሎ ይመለሳል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ይህን ሳይነግሩት የሚያውቀው ነው። ግደይና ኣብርሃ እኩል ወረዱ። ብስክሌታቸውን መንገድ ዳር አስተኝተው፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጎን ለጎን ከቃሬዛው ኋላ ሲሄዱ አየኋቸው። ብወርድ ኖሮ ሦስታችንም ተመልሰን አብረን እንነሣ ነበር፤ ግደይም ያሸንፍ ነበር። ሰልፉ ሊያልቅ ሲል ከመጨረሻዎቹ ሴቶች በስተኋላ ብስክሌት የሚያሳልፍ ክፍተት ታየኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ባዶ ነው። ሳልወርድ ሾልኬ አለፍኩ። ለግደይ ብዬ ነው፣ ስሙ እንዲጻፍ ነው እያልኩ ራሴን ብዙ ዓመት ሸንግያለሁ። እውነቱ ግን አንድ ቀን እንኳ ማንም ከፊቴ ሳይኖር መግባት ፈልጌ ነው። አንዲት አሮጊት ቀና ብለው አዩኝ።

ገበያው ላይ እልልታው ቀለጠ፤ ሕዝቡ ምን እንደሆነ አላወቀምና ተሸከመኝ። ግደይና ኣብርሃ ከብዙ ቆይታ በኋላ ብስክሌታቸውን እየገፉ በእግራቸው መጡ። ኣብርሃ ለዳኛው አቤት አላለም፤ ዳኛው ራሳቸው ነገሩን ሰምተው ደንቡን ቢያገላብጡ ስለ ቀብር የተጻፈ ነገር ስላጡ ድሉ የዳቦዎቹ ነው ብለው ፈረዱ። ግደይ አጠገቤ መጥቶ ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ከእኔ ጋር ሲሆን በሰባራ አማርኛው ነበር የሚያወራኝ፤ “ሓወይ”፣ ወንድሜ፣ ማለት ግን አይተውም።

“ኣንታ ይማም፣ ሟቹን ታውቀው ነበር?” አለኝ።

“አላውቀውም፣ ኣያ ግደይ።”

“እኔም አላውቀውም፣ ሓወይ” አለና ቆቡን አጥልቆ ሄደ።

አባቴ ወሬው ሱቁ ድረስ ሲመጣለት ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ባይመታኝ የባሰ ሆነ። በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ፣ እጄን ይዞ ለቅሶ ቤት ወሰደኝ። ሟቹ ዓይናለም የሚባለው ቦታ የውሃ ጉድጓድ ይቆፍር የነበረ ሰው ነበር፤ የጠጣነውን ውሃ ከቆፈሩት አንዱ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው በሚገባበት በር አጠገብ ተቀመጥኩ፣ ልጆቹም ማን እንደሆንኩ እያወቁ ውሃ አቀረቡልኝ።

በሳምንቱ ጠጋኙ ቀለሙን በጥብጦ ስማችንን ጻፈ። ከላይ “ይማም”፣ ከታች “ካሕሳይ” ይላል፤ መሐሉ ላይ አንድ ስም የሚይዝ ነጭ ቦታ ነበር። ምነው ብዬ ጠጋኙን ብጠይቀው፣ ግደይ ራሱ ቀደም ብሎ መጥቶ የራሱን ስም እንዳይጽፍ እንደለመነው ነገረኝ። ቦታውን ለምን ክፍት ተውከው አልኩት፤ ሐሳቡን የቀየረ እንደሆነ ብዬ ነው አለ። ግደይ ሐሳቡን አልቀየረም። ብስክሌቱ አስመራ ገባ፤ እሱ ለሌላ ጋጋሪ በእግሩ፣ በቅርጫት ዳቦ ማደል ጀመረ። በየማለዳው በእኛ በር ሲያልፍ በወጉ ሰላምታ ይሰጠኛል፣ የአባቴን ጤና ይጠይቃል፣ ስለዚያ ቀን ግን አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም። ሦስት ክረምት ዘንቦ ቀይ ቀለሙን አጠበው፤ የኔም ስም የካሕሳይም ወረደ፣ ያ ነጭ ቦታ ግን እንዳለ ነበር። ዛሬ ግድግዳውም የለም፤ በቦታው መስታወታም ፎቅ ቆሟል።

ከዚያ ወዲህ በደረሰብኝ ቀብር ሁሉ ከልጅ እስከ ሽማግሌ፣ ከማውቀው እስከማላውቀው፣ ሳልሸኝ ያለፍኩት የለም፤ ጉልበቴ እንዲህ ያለቀው በዚሁ ይመስለኛል። አንዱ ብቻ አመለጠኝ። ግደይ ያረፈ ጊዜ ለንግድ ደሴ ነበርኩ፤ መልእክቱ ሲደርሰኝ ሠልስቱ ወጥቶ ነበር። ያን ዓመት ሙሉ ከኋላው የነዳሁት እኔ፣ ልከተለው በሚገባኝ ቀን ከኋላው አልነበርኩም።

ጎሚስታው ጎማውን ነፍቶ ጨረሰ። የልጅ ልጄ ብስክሌቷን ቀና አድርጋ ልንሄድ ስንል፣ እሑድ መንገድ ላይ ቀብር ቢያጋጥምሽ ምን ታደርጊያለሽ አልኳት።

“አቦሓጎ ደግሞ” አለችና ሳቀች፤ “መንገዱ በፖሊስ ይዘጋል እኮ። ማንም አያልፍም።”

ደግ ነው አልኳት። እሷ ብስክሌቷን እየገፋች ከፊት፣ እኔ በምርኩዜ ከኋላ፣ ጀርባዋን እያየሁ ወደ ቤት ሄድን።