ደረጃው የተላጠበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ፣ አምቦ ላይ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። ያኔ «አካኮ» የምንላቸው የአባቴ አባት ደረጃችን ላይ ይቀመጣሉ፤ እማዬ የሶላር መብራቷን በሩ ላይ ሰቅላ የከሰል ምድጃውን እግራቸው ሥር ታስጠጋላቸዋለች፤ እሳቸውም እጃቸውን ፍሙ ላይ ዘርግተው፣ በአማርኛ የጀመሩትን በኦሮምኛ እየጨረሱ የጅቡንና የጦጣዋን ጉድ ያወሩልናል። ዓይናቸው ማየት ካቆመ ቆይቷል። ግን ሻካራውን ሲሚንቶ በባዶ እግራቸው እየዳበሱ ያለ ምርኩዝ ስለሚወጡና ስለሚወርዱ፣ የሰፈር ልጆች ዓይነ ስውር መሆናቸውን እንኳ ይረሱት ነበር።

ለፋሲካ እማዬ ግድግዳውን አረንጓዴ ፕላስቲክ ቀለም ቀባችው። ቀለም ሲተርፋት ደረጃውንም ደረበችበት። አማረ። ክረምት ሲገባ ግን ያ ያማረ ደረጃ ዝናብ በነካው ቁጥር እንደ ሳሙና ማንሸራተት ጀመረ፤ አንድ ቀን አካኮ እንደ ልማዳቸው ሲወጡ ተንሸራተው በጎናቸው ወደቁ።

ወጌሻ አሻቸው፤ ዳኑ። ከደጃፉ ግን አላልፍ አሉ።

«አባባ፣ እኔ እጅዎን እይዝዎታለሁ» አለቻቸው እማዬ።

«ተይኝ ልጄ። ይሄ ደረጃ እግሬን ረስቶታል። እየተመራሁ ወጥቼ የማወራው ተረት የለኝም።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መዋል ጀመሩ። ምግባቸውም ቀነሰ። ያኔ መብራት ሲጠፋ ቤታችን እውነትም ይጨልም ነበር።

እማዬ ቀለሙን በቢላ ፋቀችው፤ ፍርፋሪ ብቻ ወጣ። ነጭ ጋዝ አፈሰሰችበት፤ ሽታው ቤቱን ሞላው እንጂ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። ጎረቤታችን እትዬ አስቴር «አስፈርሺውና አዲስ አሠሪ» ስትላት፣ እማዬ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በማግስቱ፣ እግር የምንጠርግበትን ጆንያ ላራግፍ ከታችኛው ደረጃ አነሳሁት። ሌሊቱን በዝናብ ርሶ አድሯል። ከሥሩ ያለው ቀለም አብጦ እንደ ወተት ስልባቦት ተኮማትሯል። በጥፍሬ ስስበው ተከትሎኝ መጣ።

«እማዬ! ነይ እይ! ተላጠ!»

እየሮጠች መጣች። ቁራጩን ከእጄ ተቀብላ ለጠጠችው፣ ሳቀችም። «ጆንያ ሥር ርሶ ማደር ነው የፈለገው ለካ! ቤት ያለውን ጆንያ ሁሉ አምጪ!»

ግቢው ውስጥ እንጨት አንድደን ውሃ አፈላን፤ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው የዱቄት ሳሙና በጠበጥንበት፣ ጆንያዎቹን ነክረን ደረጃው ላይ አነጠፍን፣ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ላስቲክ አለበስናቸው። ቆይተን ስንገልጠው፣ እማዬ ጠፍጣፋ ብረት ከቀለሙ ሥር ሰደደችና ገፋችው። ክንድ የሚያህል አረንጓዴ ልጥ ተጠቅልሎ ወጣ! ያቺው እትዬ አስቴር ልጡን እንደ ሻሽ እያውለበለበች እልል አለች። በሲሚንቶው ቀዳዳ ውስጥ የቀረውን በሽቦ ብሩሽ ፈተግነው። መስታወቱና የብረት በሩ ላይ የተረጨው በሙቅ ጨርቅ ለቀቀ። የበሩን የእንጨት መድረክ ግን እማዬ ብረት አላስነካ አለች፤ «እንጨት ይቆስላል» ብላ በጥፍራችን አስለቀመችን።

ሊመሽ ሲል ካፊያ ጥሎ አባራ። ደረጃው ራሰ። አካኮን እጃቸውን ይዤ እስከ መድረኩ አመጣኋቸው።

«ልቀቂኝ» አሉኝ።

ለቀቅኋቸው። ባዶ እግራቸውን አውርደው ሲሚንቶውን ፈተጉት፤ ደግመው ፈተጉት። እማዬ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቀርታለች። አንዱን ወረዱ፤ ሌላውንም። ከዚያ በድሮ ቦታቸው ተቀመጡና እንደ ወጣት በረጅሙ ሳቁ።

«አወቀኝ! እናንተ፣ አወቀኝ እኮ!»

እልልታው ሰፈሩን አናወጠው፤ ከመንገድ ያለፈ ባጃጅ ሳይቀር ጥሩንባውን ነፋልን። ከሰሉ ቀረበ፣ ልጆች ከየቤቱ እየሮጡ መጡ፣ አካኮም ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንቆቅልሽ!» ሲሉ «ምን አውቅልህ!» ብለን ጮህን።

ያን ምሽት ምን እንደተረኩ ዛሬ ብጠየቅ አላውቅም። ያን ያህል የናፈቅሁትን ተረት ሳልሰማው፣ ጣቶቼ በሙቅ ውሃ ተጨማድደው እማዬ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። የቀረልኝ፣ በእንቅልፌ መሐል እየራቀ የሄደው ድምፃቸው ነው፤ ከልጆቹ ሁሉ ሳቅ በላይ የሚሰማ፣ ወደ ደጁ የተመለሰ ሰው ድምፅ።