ሰርቨሩ ላይ ያደረው አሮጌ ኮምፒውተር

አባቴ ስልክ ሲደውሉ ሰላምታ አያሳጥሩም። የከብቱን፣ የገብሱን፣ የጎረቤቱን ሁሉ ጤና በየተራ ሳይነግሩኝ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም። ያን ቀን ግን ስልኩን ገና ጆሮዬ ላይ ሳደርገው፣ «ሁለተኛው ቤት ጠፋብኝ» አሉኝ።

«የምን ቤት?» ብዬ ጮህኩ። አገር ቤት፣ ቤተ ልሔም ካለው ግቢያችን አንዱ ጎጆ የተቃጠለ መስሎኝ ነበር።

«የቅኔ ቤት ነው እንጂ! ምን ያስጮኽሻል?»

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። እሳቸው ዘንድ የቅኔ ስንኝ «ቤት» ነው የሚባለው። ጉባኤ ቃና የሚሉት አጭሩ ቅኔ ደግሞ ያለው ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው በር እንጂ ግድግዳ የሌለው ጎጆ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ አባቴ ያን ሰሞን ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው፣ የገዛ መምህራቸው የኔታ የተቀኙትን አንድ ጉባኤ ቃና ሊነግሯቸው አፋቸውን ከፈቱ። የመጀመሪያውን ቤት አሉ። ቆሙ። ሁለተኛው የለም። ተማሪዎቹም ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ በመጨረሻ አንዱ «ይመጣልዎታል የኔታ» አላቸው አሉ። እሷ ቃል ነች የጎዳቻቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን «ረሳሁት» ብሎ ያልፋል። የኔ አባት ወንበራቸውን አጠፉ! ተማሪዎቹን ወደ ሌላ ጉባኤ ሸኟቸው። «የመምህሩን ቅኔ ያልያዘ ሰው ምን ብሎ ያስተምራል? አእምሮዬ እየሄደ ነው ልጄ» አሉኝ፤ ድምፃቸው እንደዚያ አንሶ ሰምቼው አላውቅም። የአባቴ መምህር የኔታ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፣ ያቺን ቅኔ ሲቀኙም አጠገባቸው ከነበሩት አሁን በሕይወት ያሉት አባቴ ብቻ ናቸው። ስለዚህ የምትጠየቅ ነፍስ የለችም።

«አባዬ፣ የየኔታን ቅኔ ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ጽፈውት የለም እንዴ?»

«ኮምፒውተሩስ ሞቶ የለም እንዴ?»

ሞቷል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ድው ብሎ ቀርቷል። ከዚያ በፊት ግን አባቴ በሁለት ጣት፣ አንዱን ፊደል እየፈለጉ፣ ሌላውን እየረገሙ፣ ስንት ዓመት የየኔታን ቅኔ ጽፈውበታል። ሲያልቅ ሊያሳትሙት ነበር።

«ይዘውት ይምጡ» አልኳቸው። እኔ ወገዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ማሽን አልሠራም ሲል ደሜ ይፈላል፣ እስኪሠራም እህል አልቀምስም። ይህን ጠባዬን አባቴ ያውቁታል፤ ስልኩን ሳይሰናበቱኝ ዘጉት።

የምፈልገው መዳፍ የምታክል ሃርድ ዲስክ ነበረች። መናገሩን ረሳሁት። አባቴ ሳጥኑን፣ ሆደ ትልቁን ስክሪን፣ ኪቦርዱን፣ ማውሱን፣ የስክሪኑን የአቧራ ልብስ ሳይቀር በጋቢ ጠቅልለው፣ በአህያ ጭነው አርብ ገበያ ድረስ፣ ከዚያ በመኪና ጣሪያ ወገዳ ይዘውት ደረሱ። ቀኑ አርብ ስለነበር ገበያው ውስጥ መንገደኛ ሁሉ «ቴሌቪዥኑ ይሸጣል ወይ?» ሲላቸው «ቅኔ ነው» እያሉ ማለፋቸውን እየተናደዱ ነገሩኝ።

«ስክሪኑን ምን አስመጣዎት?»

«ቅኔውን ሳየው የኖርኩ እሱ ላይ አይደለም እንዴ? በየትኛው ሆድ ውስጥ እንደተቀመጠ በምን ልወቅ?»

እንዲያ ስቄ አላውቅም። እሳቸው ተቆጡ፣ ከዚያ እሳቸውም ሳቁ። ዲስኳን ፈትቼ ከላፕቶፔ ጋር ባገናኛት፣ እግዜር ይስጣት፣ ነፍሷ አለች! ፋይሉም አለ። በደስታ ከፈትኩት። ፊደል የለም። መቶኛ ምልክት፣ የፈረንጅ ሆሄ፣ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክት ተዘርቶበታል። አባቴ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉና «ይሄ የማን ቋንቋ ነው? ቅብጥ ነው?» አሉ።

ነገሩ ገባኝ። አባቴ የጻፉበት የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደሉን የሚያስቀምጠው በራሱ አመል ነው። ፋይሉን የሚያነበው ያው ፕሮግራም ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙም የሚሠራው በዚያ ዘመን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ብቻ ነው። የፕሮግራሙ ሲዲ፣ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙም ሲዲ ሳጥኑ ላይ በፕላስተር ተለጥፈው መጥተዋል፤ አባቴ ምንም አይጥሉም። ላፕቶፔ ላይ ልጭነው ብሞክር «አላውቅህም» አለኝ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስት ጊዜ አላወቀውም።

ያኔ ነው የትምህርት ቤቱ ሰርቨር ትዝ ያለኝ። ላብራቶሪው ጥግ ላይ የቆመ፣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ የሚጮህ፣ አንበሳ የሆነ ማሽን ነው። ሥራው ግን ተማሪ የሚያያቸውን የትምህርት ቪዲዮዎች መያዝ ብቻ! ርእሰ መምህሩን አስፈቅጄ ቅዳሜ ጠዋት አባቴን ይዤ ገባሁ። እዚያ ላይ ቨርቹዋል ማሽን ሠርቼ፣ በውስጡ የድሮውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ልጭን ነው ሐሳቤ።

«ምንድን ነው የምትሠሪው?» አሉኝ አባቴ፣ ወንበር ስበው።

«ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር እሠራለሁ። አካል የለውም፤ ግን ኮምፒውተር ነው። ራሱም አካል ያለው ነው የሚመስለው።»

አባቴ ነቃ አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ ዕድሜያቸው ይቀንሳል።

«ይሄኛው ሲጠፋ ትልቁ ይጠፋል?»

«ኧረ ምንም አይሆንም።»

«ትልቁ ሲጠፋስ?»

«ትንሹም አብሮ ይጠፋል።»

«ተዋሕደዋል ወይስ አድሮበት ነው?»

አሰብኩ። «አድሮበት ነው መሰለኝ።»

«ኅድረት!» አሉ ጉልበታቸውን መትተው። «ይሄማ መለኮት በሥጋ ላይ አደረ እንጂ አልተዋሐደም የሚለው፣ የተወገዘው ኅድረት ነው! ለማሽን ግድ የለም፣ ይደርበት። ብቻ ቤተ ልሔም መጥተሽ ይህን እንዳታወሪ፣ መምህራኑ ጉባኤ ይጠሩብሻል።»

ሥራ ጀመርኩ። ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያስነሳውን ፕሮግራም ከኢንተርኔት ማውረድ ነበረብኝ፤ ኔትወርክ የሚገኘው መስኮቱ ደፍ ላይ ስለሆነ ስልኬን እዚያ አስቀመጥኩት። ትእዛዙን ጻፍኩ። ሰርቨሩ አሰበና እንቢ አለ። የሚያወርደው ፋይል ጊዜው ገና እንዳልደረሰ፣ ሊጸና ብዙ ቀን እንደሚቀረው ጽፎ ቁጭ! እኔ ኔትወርኩን ረገምኩ። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ። ሰርቨሩን አስነሳሁት። ደግሞ ያንኑ። ኪቦርዱን በቡጢ ልለው ስል አባቴ «ምን ይላል?» አሉኝ።

«ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ምናምን ቀን ይቀረዋል ይላል፣ ምን ያለ ቅዠት ነው!»

«ምናምን የሚባል ቁጥር የለም። ስንት?»

«ዘጠኝ። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዘጠኝ።»

አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ሄደች፤ የበዓላቱን ቀን በባሕረ ሐሳብ ሲያሰሉ እንዲያ ነው የሚያደርጉት። ሰርቨሩ ያጉረመርማል፣ እኔ ጥፍሬን እበላለሁ።

«ሰባት ዓመት፣ ስምንት ወር፣ ጥቂት ቀን» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ይሄ የኛና የፈረንጅ ዘመን ልዩነት ነው። የማሽኑን ቀን ማን ሞላው?»

ኧረ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ! ቀኑን የሞላሁት እኔ ነኝ። ከጥቂት ወራት በፊት የሰርቨሩ የሰዓት ባትሪ አልቆ ስቀይር፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ካላንደር አይቼ፣ ዓመተ ምሕረቱን ከነወሩ ከነቀኑ ገልብጬዋለሁ። ሰዓቱንም ጠዋት ሦስት ሰዓት ስለነበር ሦስት ብዬዋለሁ። ተማሪዎቼን «ኮምፒውተር በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው» እያልኩ የማስተምረው እኔ! ሰርቨሩ ስንት ወር ሙሉ በኛ ዘመን ሲኖር ማንም አልነቃበትም።

«ሳታስተምሪ አጠመቅሽው» አሉ አባቴ፣ በሳቅ ወገባቸውን ይዘው። «አሁን ሃይማኖቱን መልሺለት!»

ቀኑን አስተካከልኩ። ትእዛዙን ደገምኩ። ወረደ! እየዘለልኩ አቀፍኳቸው።

«አእምሮዬ ሄደ የሚሉት እርስዎ ነዎት? ይህን በጣትዎ ያካፈሉት?»

«ሒሳብ ሌላ ነው» አሉ፣ ፊታቸው ወዲያው ጠቆር ብሎ። «ሒሳብ ብትረሺው እንደገና ይሰላል። የኔታ ያሉት ግን አይሰላም።»

ሁለቱን ሲዲዎች ወደ ፋይል ገልብጬ ስለነበር መጫኑን ቀጠልኩ። ለአዲሱ ማሽን ከሰርቨሩ ሜሞሪ ቆንጥሬ፣ ከዲስኩም ቆንጥሬ ሰጠሁት። ሰማያዊው ገጽ መጣ። «ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ይቀራል» አለ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላም ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ይቀረው ነበር። የሚኖሩበትን አገር ሰዓት ይምረጡ ሲል ናይሮቢን መረጥኩ። «ናይሮቢ ምን ሊሠራ ገባ?» አሉ አባቴ። የኛና የነሱ ሰዓት አንድ ነው፣ ዝርዝሩ ላይ የተጻፉት ግን እነሱ ናቸው ብላቸው «ግድ የለም፣ ጎረቤት ነው» ብለው ፈቀዱ።

በመጨረሻ ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ራሱ ተነሳ። ስክሪኑ ላይ ያ አረንጓዴ ኮረብታ ብቅ አለ፣ ከላዩ ሰማያዊ ሰማይና ነጭ ደመና።

«ጉና!» ብለው ጮኹ አባቴ። «ክረምት ሲወጣ ያለው የጉና ተራራ! ማን አነሳው?»

እኔ እልልታዬን ለቀቅኩት። ላብራቶሪ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻዬን እልል! የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ዱላቸውን ይዘው እየሮጡ ገቡ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ ኮምፒውተር ተወለደ!» አልኳቸው።

ዘበኛው አንዴ ሰርቨሩን፣ አንዴ እኔን አዩ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝና ወደ በራቸው ተመለሱ። አባቴ ሳቃቸው አላቆም ብሏቸው ግድግዳ ተደገፉ።

የመጻፊያ ፕሮግራሙን ጫንኩ። ፋይሉን አስገባሁ። ሁለቴ ነካሁት። መቶኛ ምልክቱ የለም፣ ቅንፉም የለም፤ ሀሌታው «ሀ» ከነሆዱ፣ ሐመሩ «ሐ» ከነሦስት እግሩ፣ ጥቁር በነጭ ተደርድረው መጡ። አባቴ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው፣ እኔ ገጹን ስገፋ እሳቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሄድን። ረጅሙ ቅኔ፣ መወድሱ አለፈ። ሥላሴ የሚባለው ቅኔም አለፈ። ጉባኤ ቃናዎቹ ጋ ደረስን።

«እዚህ ላይ! ቁሚ!»

የመጀመሪያው ቤት ነበር። ከሥሩ ሌላ የግዕዝ ቤት አልነበረም። አባቴ ራሳቸው በሁለት ጣታቸው በአማርኛ የጻፉት ማስታወሻ ነበር፦ «ሁለተኛው ቤት። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ አልሰማሁትም። ለፋሲካ ስሄድ የኔታን ልጠይቅ።»

የኔታ ለዚያ ፋሲካ አልደረሱም። በጾሙ መካከል አረፉ።

አባቴ ማስታወሻውን አንዴ ጮክ ብለው አነበቡት። እንደገና አነበቡት። ሊያለቅሱ ነው ብዬ ወንበሬን አስጠጋሁ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ነበር። ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት፣ ጥምጥማቸው ወደ ጆሯቸው ዘንበል አለ፣ እንባቸው በጺማቸው ወረደ።

«ለካ አልረሳሁም! ሰማሽ? አልረሳሁም! ድሮም አልነበረኝም! ያልሰጡኝን ስፈልግ ነው እኮ የከረምኩት!»

ማስታወሻውን ራሳቸው ጽፈው ራሳቸው መርሳታቸው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። አብሬያቸው ሳቅሁ፣ አብሬያቸውም አለቀስኩ፣ አንጀቴ ራሰ። ሳቁ ጋብ ሲል ግን ነገሩ ዘግይቶ ገባኝ።

«ግን አባዬ፣ ሁለተኛው ቤት የትም የለም ማለት እኮ ነው።»

«የለም» አሉ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ፣ ፊታቸው እንደበራ። «ስሄድ እጠይቃቸዋለሁ።»

«ኧረ እባክዎ አይቸኩሉ!»

«ምን ያስቸኩለኛል?» አሉ። «አልረሳሁ!»