የአያ ታከለ ዕድሜ

ዶክተሯ ፋይሉን ገልጣ «ዕድሜያቸው ሃምሳ ስምንት... አይደል?» ስትለኝ ዞር ብዬ እናቴን አየኋት። እናቴ ጣሪያውን አየች።

አልጋው ላይ የተኙት አጎቴ አያ ታከለ ናቸው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም። ታላቅ ያልኩት ለአክብሮት አይደለም፤ እናቴን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። እናቴ ደግሞ በመታወቂያዋ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። እንግዲህ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት...

ነገሩ የሆነው ከሊባኖስ የተተኮሰ ካትዩሻ ሮኬት እዚህ እስራኤል፣ ሃይፋ ከተማ ላይ በወደቀ በዓመቱ ነው። እኔ ያኔ የባዮሎጂ ተማሪ ነበርኩ። የምንኖረው እዚያው ሃይፋ፣ ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር ነው፤ ሆስፒታል የምመላለሰው ለማስተርጎም ነበር። አያ ታከለ ጎንደር ሳሉ ሸማኔ ነበሩ። እዚህ ከመጡ በኋላም ክርያት አታ በምትባል አጎራባች ከተማ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብተው እስኪዘጋ ድረስ ሠርተዋል። በዚያ ሰሞን የደም ካንሰር ተገኘባቸው።

ዶክተሯ ያሰበችው ከባዱን ሕክምና ነው። «ከስልሳ በታች ላለ ሰው የሚሻለው ይሄ ነው» አለች። «ሰባን ያለፈ ሰው ላይ ግን አልደፍረውም። በሽታው ሳይገድለው መድኃኒቱ ሊገድለው ይችላል።»

ይሄንን ስተረጉምላቸው አያ ታከለ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አያ፣ እውነተኛ ዕድሜዎን ትፈልጋለች።»

«የተጻፈው ነው።»

«እማዬ እኮ...»

«የተጻፈው ነው አልኩሽ!»

ነገሩ ገባኝ። ከአልጋው ማዶ ባለቤታቸው እቴቴ ብርቄ ተቀምጠዋል። አያ ታከለ የመጀመሪያ ሚስታቸው ካረፉ በኋላ እዚሁ አገር ነው ያገቧቸው። ሲያገቧቸው ዕድሜያቸውን በመታወቂያው ነው የነገሯቸው።

ምን ላድርግ? በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ የተማርነው ትዝ አለኝና ዶክተሯን በዕብራይስጥ «ቴሎሜራቸውን ለክቶ ዕድሜያቸውን ማወቅ አይቻልም?» አልኳት።

አያ ታከለ ዓይናቸውን ገለጡ። «ምን እያልሻት ነው?»

«አያ፣ ሴላችን ውስጥ ክሮሞሶም የሚባል ክር መሳይ ነገር አለ። ጫፉ ላይ ደግሞ እንዳይተረተር የሚጠብቀው ነገር አለ፤ ቴሎሜር ይሉታል። ሴሉ ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ጫፉ ትንሽ ትንሽ እያጠረ ይሄዳል። በጣም ሲያጥር ሴሉ መከፈል ያቆማል። ሰው ከሚያረጅበት ምክንያት አንዱ እሱ ነው ይላሉ።»

«እንደ ጋቢ ዘርፍ ነው በይኛ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ታዲያ... ደሜ ሊያሳብቅብኝ ነው?»

ዶክተሯ ግን አይሆንም አለች። «በሱ ዕድሜ አይታወቅም። ሁለት እኩያ ሰዎች እንኳ እኩል አያጥርባቸውም። ደግሞ የእሳቸው ደም የታመመ ነው። የካንሰር ሴል ቴሎሜሬዝ የሚባል ኢንዛይም ይቀሰቅስና ያጠረውን ጫፍ መልሶ ይቀጥለዋል። ስለዚህ አይደክመውም፤ ዝም ብሎ መከፈል ነው።»

«የታመመው ሴል አያረጅም ነው የምትልዎ» አልኳቸው።

አያ ታከለ አፈጠጡብኝ። ከዚያ ሆስፒታል ከገቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «አሃ! ዕድሜውን የሚደብቅ ሌላም አለ በይኛ ውስጤ!»

ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ ሲተዋቸው ዶክተሯን ትተው ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«ብርቄ... ሰባን አልፌያለሁ።»

ይሄንን ለዶክተሯ አልተረጎምኩም። ይሄኔ እናቴ ድፍረት አግኝታ «ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ አያ ታከለ በልጅነታቸው ለአባታችን ድር ያቀብሉ ነበር ይባላል» አለች።

እቴቴ ብርቄ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«አንቱ፣ ዓይን የላትም ብለውኝ ኖሯል? ማታ ማታ ጉልበትዎን የማሽ እኔ አይደለሁ? የሃምሳ ዓመት ሰው ጉልበት ምን እንደሚመስል ጠፍቶኝ ነው?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ንገሪያት ልጄ። ያገባሁት ሽማግሌ ነው በያት። ለትልቅነታቸው ስል ዝም አልኩ እንጂ ሬሳ ይዤ ቤቴ አልገባም!»

አያ ታከለ ፊታቸውን በአንሶላው ሸፈኑ። አፍረው ይሁን ሊያለቅሱ ፈልገው እስካሁን አላውቅም። እቴቴ ብርቄ ግን በአንሶላው ላይ እጃቸውን ፈልገው ያዙ።

ዶክተሯ «ምን ተባባሉ?» አለችኝ።

ከጣሊያን ዘመን አስልቼ «ሰባ ሁለት ገደማ ናቸው» አልኳት።

«ቤሰደር» አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ከባዱን ሕክምና ሰርዛ ቀለል ያለውን አዘዘች።

በኋላ እንደነገሩኝ ዕድሜያቸውን የቀነሱት ለሚስት ብለው አልነበረም። እዚህ አገር የገቡ ቀን፣ ሰልፍ ላይ ሆነው አንድ ሰው «ለሽማግሌ ሥራ አይሰጡም» አላቸው። ተራቸው ደርሶ ሲጠየቁ ባፋቸው የመጣውን ተናገሩ፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ አጡ።

ሕክምናው ከተጀመረ ከሳምንታት በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ባሕሩን ያያሉ፤ ክርያት ሐይም እስከሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል። ብርቱካን እየላጡ ነበር።

«ያ የማያረጀው ሴል...» አሉኝ፣ «መጨረሻው ምንድን ነው?»

እውነቱን ነገርኳቸው። «ሰውየው ሲሞት አብሮት ይሞታል፣ አያ።»

«ታዲያ ምን አተረፈ?»

«ምንም።»

«የማይረባ!» አሉና የብርቱካኑን ግማሽ ሰጡኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ለሲግድ፣ ለእኛ ለቤተ እስራኤሎች በዓል፣ ኢየሩሳሌም ወጡ፤ በሁለተኛው እቴቴ ብርቄ ደግፈዋቸው። በዚያው ዓመት አረፉ።

የመቃብራቸው ድንጋይ ላይ የልደት ዓመት ይጻፍ ሲባል ቤተሰቡ ተከራክሮ ተከራክሮ ተወው። አያ ታከለ አርጅተው ሞቱ... ሁላችንም የተስማማንበት ዕድሜ ይኸው ብቻ ነው።