ታኮ ያልገባለት አይሱዙ

የአንድ ሰው ዕድሜ እንደ ማር እንጀራ ተይዞ ቢጨመቅ ምን ያህል ይወጣዋል? ሰፈፉ ብዙ ነው፤ መብላት፣ መተኛት፣ ደመወዝ መጠበቅ፣ ለቅሶ መድረስ። ማሩ ከአንድ ማንኪያ ላያልፍ ይችላል። የሚዛን ተፈሪው አሞጽ ግን የራሱን ሲጨምቀው ማር አይወጣውም። የሚወጣው አንድ ስንዝር ነው፤ አንድ አይሱዙ የተንሸራተተባት ስንዝር።

አሞጽ በእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት አገልግሏል። የተቃጠለ ቤት፣ ጉድጓድ የገባ ከብት፣ ወንዝ የወሰደው ሰው፣ ያላየው የለም። መኪና ውስጥ የተቀረቀረ ሰው ሲያጋጥም ግን መሣሪያቸው ዲጂኖና መጥረቢያ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ከአንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ብረት እንደ ቄጠማ የሚቆርጥና የተጨማደደ በር የሚፈለቅቅ ማሽን በስጦታ መጣላቸው። አሞጽም ለዐሥር ቀን ሥልጠና አዲስ አበባ ተላከ። ሠልጣኞቹ ስድሳ ናቸው፤ የሚቆረጠው አሮጌ መኪና አንድ። ከፊት የቆሙት ቆረጡ። አሞጽ በሰው ትከሻ መሃል አንገቱን እያሰገገ ተመለከተ። በመጨረሻው ቀን ስሙ ተጠርቶ የአሠልጣኝነት ምስክር ወረቀት ተሰጠው። እኔ እኮ ማሽኑን በእጄ አልነካሁም ብሎ ለማን ይናገር? ሌላው አጨበጨበ፤ እሱም አጨበጨበ።

ሚዛን ሲመለስ ማሽኑ ንብረት ክፍል ገባ። የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ ንጋቷ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ስለቱ ቢጫር ግን የምትጠየቀው እሷ ናት። ስለዚህ ለልምምድ ስታወጣላቸው ብረት እንዳያስነኩት ታስጠነቅቃለች። አሞጽም ስምንት ባልደረቦቹን ግቢው ውስጥ አሰልፎ ማሽኑን በባዶ አየር ላይ ማስከፈትና ማዘጋት ያዘ። ተረበኛው ሲሞን፣ አለቃ፣ የዚህን ግቢ አየር ቆርጠን ጨረስነው፣ ሌላ ግቢ ፈልግልን እያለ ያስቃቸዋል። አሞጽም አብሮ ይስቅ ነበር። አየር ክብደት የለውም፤ አይንሸራተትም፤ ተሳስተሃል ብሎም አይናገርም።

ባለፈው ዓመት በኅዳር፣ ቡና በሚወጣበት ሰሞን፣ ከቴፒ ጭኖ የመጣ አይሱዙ ሚዛን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ዝናብ ያራሰውን የመንገድ ጠርዝ ስቶ ቁልቁል ወረደና ከዛፍ ጋር ተላተመ። የሾፌሩ የኢዮሲያስ ቀኝ እግር ከፔዳሉና ከዳሽቦርዱ መሃል ተቀረቀረ። ሰውዬው ነፍሱን አልሳተም፤ ይናገራል፣ ውሃ ይጠይቃል። ረዳቱ ካሣዬ አንዳች አልሆነም። ካሣዬ በረዳትነት የሸበተ ሰው ነው፤ መንጃ ፈቃድ ሳያወጣ፣ በልጆቹ ዕድሜ ላሉ ሾፌሮች ጎማ ሲፈታና ሲያስር የኖረ።

እነአሞጽ ሲደርሱ ሰዉ መንገዱን ሞልቶ ሞባይሉን ቀስሯል። ማሽኑ ከሣጥኑ ሲወጣ እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር። ካሣዬ በየጎማው ሥር የሚሸጎጡትን የእንጨት ታኮዎች በሁለት እጁ ይዞ ቀረበ።

"አለቃ፣ ከመንካታችሁ በፊት ታኮ እናስገባ። ጭነቱ ወደ ፊት አድልቷል።"

አሞጽ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ሰው እየሰማው ነበር።

"ሥልጠና የወሰድነው እኛ ነን። አንተ ዞር በል።"

በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው አንተ አለው። ከዚያ ማሽኑን በበሩ ምሰሶና በዳሽቦርዱ መሃል ሰክቶ ከፈተ። ብረቱ ተንቋቋ፤ አይሱዙውም ወደ ፊት ሄደ። አንድ ስንዝር ብቻ። ዳሽቦርዱ ወደ ውስጥ ተጫነና ሲናገር የነበረው ኢዮሲያስ ነፍሱን ሳተ።

ካሣዬ ማንንም አላስፈቀደም። ታኮዎቹን ከጎማዎቹ ሥር ደብድቦ አስገባ፣ የመኪናውን ክሪክ አምጥቶ ደገፈ፤ ማሽኑ ሥራውን የሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ኢዮሲያስ በሕይወት ወጣ። እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። አሞጽ ደፍሮ ሐኪሙን ሲጠይቅ፣ ስብራቱ ይጠገን እንደነበር፣ እግሩን ያሳጣው ሁለተኛው መጨፍለቅ እንደሆነ ተነገረው።

ከሦስት ወር በኋላ በአንድ እሑድ ኢዮሲያስ በክራንች ተደግፎ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ለምስክርነት ወጣ። ነፍሱን ስቶ ስለነበር የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ ያየውን የአሞጽን ፊት ብቻ ነው። "ጌታ ወንድም አሞጽን ልኮ ከሞት አወጣኝ" አለ። ጉባኤው በእልልታ ተናወጠ፤ ጎን የተቀመጡት የአሞጽን ትከሻ መታ መታ አደረጉት። አሞጽ ጫማውን አየ። በማግስቱ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደሆነው ወደ አሮን ሄዶ፣ እኔም ቆሜ እውነቱን ልናገር ብሎ ለመነው። አሮን እጁን ይዞ በለሆሳስ፣ የምእመናኑን ደስታ አናደፍርስ፣ ለጌታ በጓዳህ ንገረው አለው። በጓዳውማ ሲናገር ከርሟል። ጥፋት ካሣ ይከፈልበታል፤ ሀፍረት ግን የሚረከበው ሰው ካጣ ከባለቤቱ ጋር ያረጃል።

ኢዮሲያስን ለብቻው ይዞ ሊነግረውም ሁለት ጊዜ ቤቱ ድረስ ሄደ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሚስቲቱ ጉልበቱን ልትስም ስትጎነበስ ቀና አድርጓት፣ ሳይነግረው ተመለሰ። ካሣዬ ደግሞ አለ። መናኸሪያ ሲገናኙ ቆቡን አንሥቶ፣ እንደምን ዋሉ አለቃ ይለዋል። ያንን ቀን አንድም ሰው ፊት አላነሣበትም። ቢሰድበው ይቀለው ነበር።

በግንቦት ወር ኃላፊው አስጠርቶ፣ የሸዋ ቤንችና የጌጫ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን እንዲያሠለጥን መመደቡን ነገረው። አሞጽ በዚያ ሰዓት ነገሩን ሁሉ አወጣ፤ የአየሩን ልምምድ፣ ታኮውን፣ ስንዝሯን። ካሣዬ ያሠልጥነን ብሎም ጠየቀ። ኃላፊው ሰምቶ ሲጨርስ ሣቅ አለና፣ ሰውዬው ራሱ አዳነኝ እያለ አንተ ምን ሆነሃል፤ ደግሞ ረዳት በየትኛው የትምህርት ማስረጃው ነው እሳት አደጋን የሚያሠለጥነው አለው። አሞጽ ወጥቶ በጽሑፍ አደረገው። ደብዳቤው ገቢ ከሆነ መልስ ሳያገኝ ዓመት ሊሞላው ነው። ሠልጣኞቹ መጡ፣ በአየር ላይ ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ምስክር ወረቀታቸውን ይዘው ሄዱ፤ የፈረመበትም አሞጽ ነው። ደብዳቤው ላይ የሰፈረው ይኸው ነበር፦

"አንድ የተጋጨ መኪና ከነጭነቱ ግቢያችን ይቁምልን። ጋሽ ካሣዬ ተጠርተው ታኮ ያስተምሩን። እኔም ስሜ ከአሠልጣኝነት ተሠርዞ ከሠልጣኞቹ ጋር ልሰለፍ፤ በዚህኛው ግን ከፊት ያቁሙኝ።"