ሠላሳ አምስት ፍሬ ባቄላ

ንፋስ መውጫ፣ ታኅሣሥ ሃያ ሦስት

ሁለት ሴት ልጆቼን ይዤ ለገና ወደ አባቴ አገር ወደ ስማዳ ስነሳ ባለቤቴ ዘነቡ አራስ ነበረች። ሦስተኛዋ ልጃችን ከተወለደች ገና ወር ከሦስት ቀን ስለሆናት እናትና ልጅ መንገድ የሚወጡበት ጊዜ አልነበረም። ዘነቡ ነጠላዋን ተከናንባ እስከ በሩ ሸኘችንና፣ «ሁለት ይዘህ ወጥተሃል፤ ሁለት ይዘህ ና» አለችኝ። እኔ ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ያልሳቀችበት ምክንያት ነበራት። በኅዳር ወር አባቴ ለገበያ በመጣ ሰው አፍ መልእክት ልከውብኝ ነበር። «እኅትህ ካገባች ወዲህ እናትህ ብቻዋን ናት፤ ትልቋን ልጅ ለገና አምጥተህ ተውላት» ነው መልእክቱ። በአገራችን አያት የመጀመሪያ የልጅ ልጇን ወስዳ ማሳደጓ የተለመደ ነው፤ እኔም እስከ ስድስት ዓመቴ ያደግሁት በአያቴ ቤት ነው። እሺ ማለት አልፈለግሁም፤ እምቢ ማለት ደግሞ አልቻልሁም። ስለዚህ ምንም ሳልመልስ ወሩ አለፈ። የጃንሆይ ፎቶ ከተሰቀለበት ክፍል ቆሜ ስልሳ ተማሪ ጸጥ የማሰኝ መምህር፣ አባቴ ፊት ስቀርብ ምላሴ ይተሳሰራል።

ትልቋ ልጄ ትርንጎ ስምንት ዓመቷ ነበር። በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት ገብታ እስከ ሺህ መቁጠር ተምራ ነበርና ከዚያ ወዲህ በቤታችን ያልተቆጠረ ነገር አልቀረም። የጣራውን ማገር ቆጥራለች። የጎረቤት ዶሮዎች ስንት እንደሆኑ ከባለቤታቸው ይልቅ እሷ ታውቃለች። ቄሱ በቅዳሴ መካከል ስንት ጊዜ እንዳሳሉ እንኳ ነግራኛለች። የአምስት ዓመቷ ውዴ ደግሞ ዋና ሥራዋ እኅቷ ስትቆጥር ሌላ ቁጥር እየጠሩ ማሳሳት ነው።

በቅሎ የተከራየሁት ከአያ ቢተው ነው፤ ደርሶ መልስ በአራት ብር። አያ ቢተው በቅሎዋን እየነዳ አብሮን ይሄዳል፤ ልጆቹ በቅሎ ላይ፣ እኛ በእግር። ስንቃችን በሶ፣ ቆሎና ዘነቡ ሌሊት ተነስታ ያስጋገረችው ድፎ ዳቦ ነበር። ከተማውን ለቀን ስንወጣ ስሙን ያሰጠው ንፋስ ከኋላችን ገፋን፤ የገብሱ ቃርሚያ ላይ ውርጩ ገና አልቀለጠም። ትርንጎ በመንገድ ያገኘናቸውን አህዮች መቁጠር ጀመረች። ውዴ «ሰባ! መቶ!» እያለች ትጮሃለች። አያ ቢተው፣ «መምህር፣ ይቺን ልጅ ለግብር ሰብሳቢ እንዳታሳያት፤ በደመወዝ ይቀጥራታል» አለኝ።

ቤተ ልሔም

ድጓ የሚማሩባት ደብር ቤተ ልሔም የደረስነው ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ነው። ከደብሩ ዙሪያ ካሉት ጎጆዎች የድጓ ዜማ ይሰማል፤ አንዱ ጎጆ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል። አንድ ሸምገል ያሉ መሪጌታ ከጎጇቸው ደጃፍ ተቀምጠው አገኘናቸውና ለማደሪያ እንግዳ ማረፊያውን አሳዩን። ትርንጎ እጃቸውን ስማ ሳትጨርስ፣

«የኔታ፣ ድጓ ስንት ዜማ አለው?» አለቻቸው።

እኔ አፈርሁ። እሳቸው ግን ሳቁ። «ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ ልቆጥረው እነሳና ዜማው ሲጥመኝ መቁጠሩን እረሳዋለሁ» አሏት።

ትርንጎ ይህ መልስ አላረካትም። ተኝታ ሳለች እንኳ ጣቶቿ ይንቀሳቀሱ ነበር።

ወደ ቆላው

በማግስቱ ቁልቁለቱን ወረድን። ጧት በካቦርታ የተነሳን ሰዎች እኩለ ቀን ላይ በሸሚዝ ላብ አጠመቀን። ወንዙ ዳር ሸንኮራ አገዳ የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ፤ አንዱ አገዳ በአምስት ሳንቲም። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ገዛሁና ልጆቼ በቅሎ ላይ ሆነው እያኘኩ፣ ልጣጩን እኔ ትከሻ ላይ እየጣሉ ተጓዙ። ከወንዙ ማዶ አንድ ገበሬ ቤት አደርን፤ ጾም ስለሆነ ተልባ በእንጀራ አቀረቡልን። እንደዚያ የጣፈጠኝ ተልባ እስከ ዛሬ አልበላሁም።

በዚያች ማታ ነው ትርንጎ ድንገት፣ «አባዬ፣ እኔን ለአያቴ ልትሰጠኝ ነው?» ያለችኝ። ከማን እንደሰማች አላውቅም።

«ማን አለሽ?»

«ማንም። እማዬ ልብሴን ሁሉ ስታስር ታለቅስ ነበር። የውዴን ግን ሁለት ብቻ ነው ያሰረችው፤ ቆጥሬዋለሁ።»

«ተኚ» አልኳት፤ እሷም እሺ ብላ ተኛች። እኔ ግን ቶሎ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ለልጄ አንዲት ቃል መስጠት ያቃተኝ ሰው ሆኜ ነበርና በራሴ በጣም ተናደድሁ።

ስማዳ፣ የወይዘሮ ጥሩዬ አውድማ

በሦስተኛው ቀን ስንደርስ አባቴ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ነበር። እናቴ እንደነገረችኝ ከትናንት ጀምሮ እየወጡ እዚያው ይቆማሉ። ልጆቹን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አቅፈው አነሷቸውና፣ «እሰይ! እሰይ!» አሉ። ወገባቸውን ያማቸዋል ሲባል ነበር የሰማሁት።

በማግስቱ የጎረቤታችን የወይዘሮ ጥሩዬ ስንዴ የሚወቃበት ደቦ ነበር። ባሏ ባለፈው ክረምት ስለሞተ መንደሩ በሬውን ይዞ፣ ጉልበቱን ይዞ ለሷ ወጣ። እኔም በገዛ እጄ «እኔም አለሁ» አልሁና መንሽ አስያዙኝ። በሬዎቹ እያበራዩ፣ እኛ ገለባውን በመንሽ እያነሳን ስንበትን እስከ ቀትር መዳፌ ውኃ ቋጠረ። ከጎኔ የሚበትነው ጎረምሳ፣ «ጠመኔ ይሻል ነበር፣ መምህር?» አለኝ፤ አውድማው ሁሉ ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ምርቱን ከገለባ ለየውና መስፈር ተጀመረ። ሰፋሪው አባቴ ናቸው። በአውድማ ላይ ጫማ ይወለቃል፤ እህል ሲሰፈርም ቁጥር በአፍ አይጠራም፤ ከተጠራ በረከቱ ይሸሻል ይባላል። ይህን እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ልጆቼን ጫማችሁን አውልቁ አልኳቸው፤ ሁለተኛውን መንገር ግን ረሳሁ።

አባቴ በቁናው የመጨረሻውን ሰፍረው ስልቻ ውስጥ ሲገለብጡ፣ ከገለባው ክምር ጫፍ የልጄ ድምፅ ተሰማ፦

«ሃምሳ ሦስት! አባባ፣ ሃምሳ ሦስት ቁና ሰፈሩ!»

ሰው ሁሉ ባለበት ቀረ። በሬ የሚነዳው አለንጋውን አወረደ። አባቴ ቁናውን መሬት ላይ አስቀመጡና ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ ትርንጎን አይደለም፣ እኔን። «ይሄ ነው ያስተማርሃት?» አሉ። ትርንጎ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ፣ ነገር ግን ማጥፋቷን አውቃ፣ ፊቷን ገለባ ውስጥ ቀበረች። የዓመት ቀለቧ ያ ስንዴ ብቻ የሆነባት ሴት ፊት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ቀድማ የተነሳችው ራሷ ወይዘሮ ጥሩዬ ናት። ስልቻዎቹን አንድ በአንድ እየፈታች ስንዴውን ወደ አውድማው መልሳ ዘረገፈችው። «በሉ እንደ አዲስ ይሰፈር፤ ልጅ ናት፣ ክፉ አላናገራትም» አለች። ከዚያም ትርንጎን ጠርታ አንድ እፍኝ ስንዴ አስይዛ፣ «በይ በእጅሽ መልሺና እግዜር ይባርክ በይ» አለቻት። ትርንጎ እንባዋን እየጠረገች በተነችው። አባቴ ዳግመኛ መስፈር ጀመሩ። በዚህኛው ጊዜ ልጄ ሁለት እጆቿን አፏ ላይ ጭና ቆመች።

ስንጨርስ አባቴ ዘንድ ሄደች፤ ሊቆጡ ነው ብዬ ቀረብሁ። ጎንበስ አሰኝታ በጆሯቸው የሆነ ነገር ነገረቻቸው። አባቴ መጀመሪያ ዓይናቸውን አፈጠጡ፤ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው መሳቅ ጀመሩ። ምን እንዳለቻቸው የነገሩኝ ቤት ስንገባ ነው።

«በልቤ ነው የቆጠርሁት፤ አሁን ሃምሳ አራት ሆኗል፤ በረከቱ ተመልሷል አለችኝ እኮ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጎኗ አልለይ አሉ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ፈራሁ፤ አሁን በእርግጥ ወደዋታልና።

ገና

ገናን እንደዚያ ዓመት በደስታ ያሳለፍሁት የለም። ጾሙ ተፈታ፤ በግ ታረደ፤ ውዴ እስኪያማት በላች። ከሰዓት በኋላ የላይና የታች መንደር ወንዶች ሜዳው ላይ ገና ሲጫወቱ እንደ ልማዳቸው ስንት አገባን፣ ስንት አገባችሁ በሚለው ተጣሉ። አባቴ ተነስተው፣ «ቆጣሪ አለችን!» ብለው ትርንጎን ከድንጋይ ላይ አቆሟት። ልጅቱ ወደኔ ዞራ፣ «አባዬ፣ እዚህ በአፍ ይጠራል?» አለችኝ። ይጠራል ስላት ድምፅዋ ሸለቆውን አስተጋባ። የታች መንደሮች ቢሸነፉም በሷ ላይ ያጉረመረመ ሰው አልነበረም።

ጥር ሁለት

መመለሻችን ደረሰ። አያ ቢተው በቅሎዋን ጭኖ ቆሟል። የትርንጎ የልብስ ጥቅል ከእናቴ አልጋ ሥር እንደተቀመጠ ነው። አባቴ መደብ ላይ ተቀምጠው፣ ልጅቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። አንድ ነገር ካላልሁ ነገሩ ያለ ቃል ሊያልቅ ነበር። ቆሜ፣ «አባባ፣ ትርንጎን አልተዋትም። ይቆጡኝ፤ ግን አልችልም» አልሁ።

«ለእኔ አይደለም፤ ለእናትህ ነው» አሉ ሳያዩኝ።

ይህን ጊዜ እናቴ ከጓዳ ወጣች። «ኧረ በማርያም! እኔ መች ልጅ ስጡኝ አልሁ? ቀኑን ሙሉ ጎረቤት አለኝ፣ ማኅበር አለኝ። አጥር ላይ ቆሞ መንገድ የሚያየው ማነው?» አለች።

አባቴ አንገታቸውን ደፉ። አባቴ አንገታቸውን ሲደፉ አይቼ አላውቅም ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ልጅ የናፈቃት እናቴ ናት ብዬ ማሰቤ አሳፈረኝ።

ትርንጎ ከጉልበታቸው ወርዳ ወደ ጓዳ ገባችና እፍኝ ባቄላ ይዛ ተመለሰች። መደብ ላይ እየደረደረች፣ በጣቷ የወሩን ቀን እያሰላች፣ የሦስቱን ቀን መንገድ እየቀነሰች ሠላሳ አምስት ፍሬ ለይታ ቅል ውስጥ ጨመረቻቸው። «አባባ፣ አንቱ ይምጡ። ሕፃኗ እኅቴ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። በየቀኑ ጧት አንድ ባቄላ ያውጡ፤ ያለቀ ዕለት በማግስቱ መንገድ ይነሱ። መቁጠር የለብዎትም፤ እኔ ቆጥሬዋለሁ» አለቻቸው።

አባቴ ቅሉን ተቀብለው አንዴ ነቀነቁት። «ይሄማ አይከፋም» አሉ፤ ቅሉንም ከራስጌያቸው ሰቀሉት። ሲሸኙን እስከ ወንዙ አፋፍ ወረዱ።

ቤት

በሦስተኛው ቀን ንፋስ መውጫ ስንገባ ዘነቡ ሕፃኗን ታቅፋ በር ላይ ነበረች። ትርንጎን አየች፣ ውዴን አየች፣ ደግማ ትርንጎን አየችና፣ «ሁለት» አለች፤ ከዚያም አለቀሰች። እኔ የተማርሁትን እዚያው በሩ ላይ ነገርኋት። ወላጆቼን ከመፍራት ይልቅ መጠየቅ ይሻለኝ ነበር፤ አባቴም ናፍቆታቸውን በእናቴ ስም ይደብቁ ኖሯል።

በቤታችንም ባቄላ ተሰቀለ፤ ትርንጎ በየጧቱ አንድ ታወጣለች። ገና አሥራ ሰባት ባቄላ ሲቀር፣ አስተርዮ ማርያም በዋለች በሦስተኛው ቀን፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከቤቴ ደጃፍ አንዲት በቅሎ ታስራ ቆማለች። አባቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ውዴ አንገታቸው ላይ ናት፤ እናቴ የማር ቅል ታወርዳለች።

ትርንጎ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፊታቸው ቆማለች። «አባባ፣ ገና እኮ ነው! ክርስትናው አልደረሰም!»

«ባቄላው አለቀ፤ ምን ላርግ?» አሉ አባቴ፣ ጣራ ጣራውን እያዩ።

እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «በየጧቱ ሁለት ሁለት ሲያወጣ ነበር» አለችኝ።